የስፌት ቀን፦ እህቶች አብረው ሲሰፉ ምን ይሆናል?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መርፌ፣ ስለ ክርና ስለ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። «መጋቢ ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ አገልጋይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጽፎ ባነብ እኔም ይህንኑ እል ነበር።

የማገለግለው በሐዋሳ ከተማ ሐይቅ ዳር አካባቢ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የቤተክርስቲያናችን እህቶች በአንዲት በዕድሜ በገፉ እናት ግቢ ይሰበሰባሉ። አቮካዶው ሥር ሰሌን ይነጠፋል፤ መቀመጥ ለሚያስቸግራቸው ዱካና ወንበር ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ጨርቁን እንዳይበትነው በየክምሩ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል። ቡናው ይቆላል። ከዚያ ሁሉም መርፌዋን ታነሣለች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ይሰፋሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ። አንዳንዴ መዝሙር ይነሣል፤ አንዳንዴም አይነሣም።

ይህን የጀመሩት እኚሁ እናት ናቸው። ሁላችንም «እማማ» እንላቸዋለን። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባቸው ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው አሮጌ አንሶላ መጣጣፍ ጀመሩ። ሁለቱ አምስት፣ አምስቱ አሥራ ሦስት ሆኑ። እኔ ነገሩን የሰማሁት ቆይቼ ነበር። ሄጄም እንደ መጋቢ ጠየቅኋቸው፦ «እማማ፣ ፕሮግራሙ ምንድን ነው?»

«ፕሮግራም የለውም፣ መጋቢዬ» አሉኝ። «እንሰፋለን።»

ይህ መልስ ያን ጊዜ አላረካኝም። ዛሬ ግን የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ እርሱ ነው።

ድሪቶ ወይስ ብርድ ልብስ?

አስቀድሜ እህቶች የሚሠሩትን ሥራ ላስረዳ። ከትንንሽ ቁርጥራጭ ጨርቆች ተገጣጥሞ፣ መካከሉ ወፍራም ነገር ገብቶበት፣ ከታች ገበር ተደርጎለት የሚሰፋ ብርድ ልብስ ነው። ፈረንጆች ክዊልት ይሉታል። እኛም ዘንድ አሮጌ ስም አለው፤ ድሪቶ። «ደረተ» ማለት ጨርቅን በጨርቅ ላይ ደርቦ ሰፋ ማለት ነው። ችግሩ ድሪቶ በአገራችን የድህነት ምልክት፣ አልፎም የስድብ ቃል ሆኖ መኖሩ ነው። «ድሪቶ ለባሽ» መባል ማንም አይወድም። ስለዚህ እናቶቻችን በብርድና በችግር ዘመን የሠሩት ይህ ሥራ ከቤታችን ሲጠፋ ማንም አላዘነለትም።

ነገር ግን አሠራሩን ስታዩት ብልሃት አለው። ጋቢን የሚያሞቀው ምንድን ነው? አራት ድርብ መሆኑ ነው። በየድርቡ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀቱን ይዞ ያቆያል። ድሪቶም የሚያሞቀው በዚሁ መንገድ ነው።

እህቶች የሚሠሩት እንዲህ ነው። ቁርጥራጩን ከልብስ ሰፊዎች ይለምናሉ፤ ለሰፊው ውዳቂ ነውና ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያ ጨርቁ ይታጠባል፤ ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ከተሰፋ በኋላ ሲሰበሰብ ጎረቤቱን ይዞ ይጨማደዳልና። ከዚያ ስሱ ከስሱ፣ ወፍራሙ ከወፍራሙ ይለያል። ከካርቶን በተቆረጠ መለኪያ እያንዳንዱ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ይቆረጣል። ጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እየገባ ሲገጣጠም እያንዳንዱ 14 ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል። በወርድ አሥር፣ በቁመት አሥራ ሁለት፣ በድምሩ 120 ቁራጭ ሲያያዝ ወርዱ 140፣ ቁመቱ 168 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለአንድ ሰው አልጋ ይበቃል።

በመጨረሻም ገበሩ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ በላዩ አሮጌ ጋቢ ወይም ያለቀ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ ከሁሉ በላይ የተገጣጠመው ይደረጋል። ሦስቱም ከመካከል ወደ ዳር በስፒል ይያዛሉ። ከዳር ከተጀመረ መካከሉ ያብጣል። ከዚያ ስምንትና ዘጠኝ ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠው ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ ይወጉታል፤ ጠርዙንም ይዘመዝሙታል። አንዱ ብርድ ልብስ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ብርድ ልብስ? ገበያ ወጥቶ መግዛት አይቀልም?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ ይቀላል። እንግዲህ ለምን እንደሚሰፉ ከዚህ ቀጥሎ እንመልከት።

አዲስ ነገር አይደለም

አብሮ እየሠሩ መጫወት ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አያቶቻችን ጥጡን ሲዳምጡ፣ ባዘቶውን ሲያዘጋጁ፣ እንዝርት ሲያሾሩ ብቻቸውን አልነበሩም። ጎረቤት እንዝርቷን ይዛ ትመጣ ነበር። ድርና ማጉ ወደ ሸማኔ የሚሄደው ብዙ ወሬና ብዙ ምክር ከሰማ በኋላ ነው። መሶብና ሰፌድ የሚሠሩትም ስንደዶና አክርማቸውን፣ ወስፌያቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ሰብሰብ ይላሉ። በአማርኛችን የጨርቁም የመሶቡም ሥራ አንድ ስም አለው፤ ስፌት። የሐረር እናቶች የሰፏቸው ስፌቶች በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የቤቱ ክብር እንደሆኑ ያየ ሁሉ ያውቃል።

በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል አካባቢም በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሴቶች አብረው ተቀምጠው የሚጠልፉት ጥልፍ ለብዙ ዓመታት ታዋቂ ነው። ኅብረተሰቡ ያገለላቸው እጆች እንዲህ ያለ ውበት አውጥተዋል።

ስለ ፊስቱላ ሆስፒታልም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ሆስፒታሉን አቋቋሙ። ዶክተር ካትሪን መጋቢት 2012 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኑሯቸውን ከእነዚህ ሴቶች ጋር አደረጉ። ከቅርንጫፍ ማዕከሎቹም አንዱ እዚሁ ጎረቤታችን ይርጋለም ይገኛል። የሆስፒታሉን ሥዕሎች ያየ ሰው ሕሙማኑ የሚደርቡትን ባለ ብዙ ቀለም የክር ሥራ ሳያስተውል አይቀርም። በሩቅ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ትንንሽ አራት ማዕዘን በእጃቸው ሠርተው፣ አገጣጥመው የላኩት ነው። ያቺ ሴት ባሏ ትቷት፣ ዘመድ ሸሽቷት የመጣች ናት። የማታውቃት ሴት ግን ስለ እርሷ ተቀምጣ ሠርታለች።

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ድሆች ጥቁር ሴቶች ለመምረጥ ተመዝግባችኋል ተብለው ከሥራና ከቤት በተፈናቀሉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ፍሪደም ክዊልቲንግ ቢ የሚባል የስፌት ማኅበር አቋቋሙ። በዚያው አካባቢ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ከአሮጌ የሥራ ልብስ የተሰፉ ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተሙ። እነዚያ ሴቶች የሰፉት ለሙዚየም አልነበረም። ልጆቻቸው እንዳይበርዳቸው ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያሳየናል?

የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ በልባቸው ጥበብ ያላቸው ሴቶች በእጃቸው ፈተሉ፤ ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ቀይ ግምጃም የፍየሉንም ጠጉር አመጡ (ዘጸ 35፡25-26)። ሙሴ ይህን ሲጽፍ እንደ ተራ ነገር አላለፈውም። የእግዚአብሔር ክብር የሚገለጥበት ድንኳን መጋረጃ መጀመሪያ በሴቶች ጭን ላይ የነበረ ክር ነው።

በፊልጵስዩስ ሴቶች በወንዝ ዳር ተሰብስበው ነበር። ጳውሎስ ሄዶ አብሯቸው ተቀምጦ ተናገረ፤ የሐምራዊ ጨርቅ ነጋዴዋ ልድያም ልቧ የተከፈተው በዚያ ነው (ሐዋ 16፡13-14)። ሴቶቹ የተሰበሰቡት ሐዋርያው ከመምጣቱ አስቀድሞ እንደነበር አስተውሉ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የኢዮጴዋ ጣቢታ፣ ማለትም ዶርቃ፣ ታስተምረናለች (ሐዋ 9፡36-42)። ዶርቃ ስትሞት ጴጥሮስ ከልዳ ተጠራ። ወደ ሰገነቱ ሲወጣ መበለቶቹ እያለቀሱ የሠራችላቸውን ልብስ ያሳዩት ነበር። በግሪኩ ቃል አነጋገር መሠረት ልብሱን በራሳቸው ላይ ለብሰውት ያሳዩ እንደነበር የሚናገሩ ተርጓሚዎች አሉ። ሉቃስ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ልብሱን ያደረገችው ከእነርሱ ጋር ሳለች ነበር። ስለ ዶርቃ ብዙ ጊዜ ሰብኬአለሁ። የሰበክሁት ግን ስለ ልግስናዋ ብቻ ነበር። «ከእነርሱ ጋር» የሚለውን ሁልጊዜ ዘልዬው አልፍ ነበር። መበለቶቹ ያለቀሱት ልብስ ስለ ቀረባቸው ይመስላችኋል? አብራቸው የምትቀመጥ ሰው ስለ ሞተችባቸው ነው።

እኔ የሠራሁት ስሕተት

አሁን ደግሞ ንስሐዬን ልናገር። የእማማን ግቢ ካየሁ በኋላ ነገሩ መልካም እንደሆነ ገባኝ፤ ስለዚህ «ላሻሽለው» ብዬ ተነሣሁ። በመጀመሪያ የሠላሳ ደቂቃ ትምህርት እንዲኖር አደረግሁ። ቀጥሎ ስም የሚመዘግብ ጸሐፊ ተመረጠ። ከዚያም ብርድ ልብሶቹ ተሸጠው ለሕንፃ ሥራው ገቢ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረብሁ፤ በየሦስት ወሩ ስንት እንደሚደርስም በቁጥር ተጻፈ። ሪፖርትም ለሽማግሌዎች ይቀርብ ጀመር። ሁሉንም በቅን ልብ ነው ያደረግሁት።

በአምስተኛው ወር የሚመጡት ስድስት ብቻ ሆኑ። እነርሱም ዝም ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቁጥሩን ለመሙላት ይሰፋሉ። ስፌቱ ፈጠነ፤ ሳቁ ጠፋ። «የመንፈስ መቀዝቀዝ ነው» ብዬ በጸሎት ልይዘው ሞከርሁ።

አንድ ቀን እማማ ለብቻዬ አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦ «መጋቢዬ፣ እሑድ ጠዋት ታስተምረናለህ፤ ረቡዕ ማታ እንጸልያለን፤ ዓርብ እህቶች ይገናኛሉ። እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ከዚያ ሁሉ እጠቀማለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው ‹እንዴት ዋልሽ?› ብሎኝ መልሴን ቁጭ ብሎ የሚሰማው ቅዳሜ ብቻ ነበር። እርሱንም ወሰድህብን።»

ወደ ቤቴ ስመለስ በሐይቁ ዳር ረጅም መንገድ በእግሬ ሄድሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ምዝገባው ቀረ፤ ሪፖርቱ ቀረ፤ ሽያጩም ቀረ። «ትምህርቱስ?» ብዬ ስጠይቅ አንዲት እህት «መጋቢ፣ እሑድ ያስተማሩትን እኛ ቅዳሜ እናላምጠዋለን» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከሁለት ወር በኋላ ግቢው እንደገና ሞላ።

እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል

ለምንድን ነው በቢሮዬ የማይወጣው ነገር እዚያ የሚወጣው? እኔ ያስተዋልሁትን ልንገራችሁ።

በምክር አገልግሎት ሰው ከፊቴ ይቀመጣል፤ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ዝምታ ሲመጣ ሁለታችንንም ያስጨንቀናል። በስፌት ላይ ግን ዓይን ጨርቁ ላይ ነው። ዝም ማለትም ይቻላል፤ እጅ ሥራ ስላለው ዝምታው አያሳፍርም። ያዘነ ሰው ጥቂት ቃል ተናግሮ፣ ሦስት ጊዜ ወግቶ፣ ቀሪውን ሊናገር ይችላል።

አንዲት ወጣት እናት ልጇን በወሊድ አጥታ ነበር። ይህን የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው። ሦስት ጊዜ ቤቷ ሄጄ ጸልያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብላ ሸኝታኛለች። አንድ ቅዳሜ እህቶች ለአንዲት አራስ ትንሽ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። እርሷም ጫፉን ይዛ እየሰፋች ሳለ ቀስ ብላ «የእኔም ይህን ያህል ነበር የሚበቃው» አለች። ማንም ጥቅስ አልጠቀሰም፤ ማንም «አይዞሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል» አላለም። አጠገቧ የነበሩ እናት መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው እጇን ያዙ። ከዚያ የእኚህም እናት ታሪክ ወጣ፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የቀበሯት ልጅ ነበረቻቸው፤ ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር። በዚያ ቀን ብርድ ልብሱ ብዙም አልተሰፋም።

ሌላዋ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራ የነበረች ወጣት ናት። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ ብዙ እህቶች ወደ ከተማችን መጥተዋል፤ ብዙዎቹም ልብስ ይሰፋሉ። ይህቺ እህት መጀመሪያ ስትጋበዝ «ሳምንቱን ሙሉ ስሰፋ ከርሜ ደግሞ ቅዳሜ ልስፋ?» ብላ ሳቀች። እኔም በልቤ እውነቷን ነው አልሁ። ሆኖም ለቡናው ብላ መጣች። ኋላ የነገረችኝ ይህ ነው፦ «መጋቢ፣ እኔ የምሰፋው እጅጌ ብቻ ነበር። በቀን በመቶ የሚቆጠር እጅጌ በእጄ ያልፋል። ሸሚዙ አልቆ ግን አይቼው አላውቅም። እዚህ ግን ከመጀመሪያው ቁራጭ እስከ መጨረሻው ጠርዝ አየሁት። ለማን እንደሚሰጥም አወቅሁ።»

አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስታስወጣ ሥራቸውን ካጡት መካከል እርሷም ነበረች። አንድ ወር ሙሉ ለወላጆቿ አልነገረችም። ለእህቶች ግን በዚያው ሳምንት ነገረቻቸው። እነርሱም ሥራ አላገኙላትም፤ የቤት ኪራይዋን ግን ለሁለት ወር ተካፍለው ከፈሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

ደግሞም እዚያ አስተማሪና ተማሪ ቋሚ አይደለም። የእማማ ዓይን ደክሟል፤ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አይችሉም። ስለዚህ ወጣቶቹ ገና ሲደርሱ አሥር መርፌ ክር አስገብተው በአንድ ጨርቅ ላይ ሰክተው አጠገባቸው ያኖሩላቸዋል። እርሳቸው ደግሞ የማይፈታ ቋጠሮ አያያዝ ያሳዩአቸዋል። በቤተክርስቲያን ውስጥ አረጋውያንና ወጣቶች እንዴት ይገናኙ እያልን ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል!

ለሚነሡ ጥያቄዎች

«ሐሜት አይፈጥርም?» ይፈጥራል። ጳውሎስም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የማይገባውን ስለሚናገሩ አስጠንቅቋል (1 ጢሞ 5፡13)። በእኛም ዘንድ አንድ ጊዜ የአንዲት እህት ጉዳይ ከግቢው ወጥቶ ብዙ አስቀይሟል። እህቶች ራሳቸው አንድ ሕግ አወጡ፦ ስለሌለች ሰው አይወራም፤ እዚያ የተነገረ እዚያ ይቀራል። ሕጉን ያፈረሰችም ይቅርታ ጠየቀች። ሐሜት ግን የስፌት ልጅ አይደለም፤ የመዘምራን ልምምድ ላይም፣ እውነቱን እንናገርና የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይም ይገኛል።

«መንፈሳዊ ነው ወይ?» የሚሉ አሉ። የሚጸለይበት ቀን አለ፤ የማይጸለይበትም አለ። እኔ ግን የሌላውን ሸክም መሸከም መንፈሳዊ ካልሆነ ምን መንፈሳዊ እንደሚሆን አላውቅም (ገላ 6፡2)።

«ጊዜ ማባከን አይደለም?» ይህ የእኔም ጥያቄ ነበር። ሰባኪው ለመቅደድም ለመስፋትም ጊዜ እንዳለው ተናግሯል (መክ 3፡7)። ወረድ ብሎም ሰው በድካሙ ደስ መሰኘቱ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነ ይነግረናል (መክ 3፡12-13)። የምሳሌ 31 ልባም ሴትም ለድሀ እጇን ትዘረጋለች፤ ለራሷም የአልጋ ልብስ ትሠራለች (ቁ. 20 እና 22)። እኛ የመጀመሪያውን እናደንቃለን፤ ሁለተኛውን እንረሳለን። እህቶቻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ለባል፣ ለልጅ፣ ለአሠሪ ይሠራሉ፤ እሑድ ደግሞ ለቤተክርስቲያን ያበስላሉ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ከጓደኞቻቸው ጋር ደስ ቢላቸው ማንን ይጎዳል?

ለመጀመር ለምትፈልጉ

ከተለያየ ቦታ ስለምትጠይቁኝ ከእህቶች የሰማሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ በሦስትና በአራት ሰው ጀምሩ። ከአሥራ አምስት ሲበልጥ ወሬው ለሁለት ይከፈላል፤ ያን ጊዜ ሌላ ግቢ ፈልጉ።

ሁለተኛ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አትለዋውጡ። ሰው የሚመጣው መኖሩን ሲተማመንበት ነው። የቀረች ግን አትወቀስ።

ሦስተኛ፣ የቀን ብርሃን ያለበት ቦታ ምረጡ፤ ማታ በአምፖል መስፋት ዓይን ያደክማል።

አራተኛ፣ ብዙ ወጪ አታውጡ። መርፌ፣ ክር፣ አንድ ጥሩ መቀስና ስፒል ይበቃል። መስፋት የማትችል ትቁረጥ፤ መቁረጥ የማትችል ቡና ታፍላ። ስፌት ካልሆነላችሁ ዳንቴል ወይም ሹራብ ይሁን። ቡናውንም በየተራ ያዙ፤ ድግስ ከሆነ ድሀዋ እህት ተራዋ ሲደርስ ትቀራለች።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያው ብርድ ልብስ ጠማማ ይሆናል፤ አትፍቱት። የእኛ የመጀመሪያው እስከ ዛሬ በእማማ አልጋ ላይ ነው።

ስድስተኛ፣ ያለቀውን ለማን እንደምትሰጡ አብራችሁ ወስኑ። የእኛዎቹ ለአራስ፣ ለታመመና ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ይሰጣሉ። በየተራም አንዳንዱን ለራሳቸው ያስቀራሉ።

ለእናንተ ለአገልጋይ ወንድሞቼ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለ አትውረሱት። ሰላምታ ስጡ፣ ቡና ጠጡ፣ ወንበር ተሸከሙ፣ ከዚያ ሂዱ። መንጋውን የሚጠብቅ ጌታ እናንተ በሌላችሁበትም ይሠራል። ይህን ለማመን በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ከተማርሁት ሁሉ ይልቅ የእማማ ግቢ ረድቶኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ወንበር ላደርስ ሄጄ ነበር። እማማ አንድ መርፌና ክር ሰጥተው «እስቲ ይህን አስገባልኝ፣ መጋቢዬ» አሉኝ። እኔም ዓይኔ እየደከመ ነው፤ አራት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከእጄ ወስዳ በአንድ ጊዜ አስገባችው። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ፤ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

ውድ እህቶች፣ መርፌያችሁን አንሡ፤ ጎረቤታችሁንም ጥሩ። የእጃችሁን ሥራ ጌታ ይባርክ።